ደንን በስልክና በእግር መከታተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከካፋም ሆነ ከባሌ፣ የደን ማኅበራት ስለ ስልክና ሳተላይት ክትትል የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡት ናቸው። መልሶቹ ለማኅበር አመራሮች፣ ለልማት ሠራተኞች እና አገር ቤት ያለን ማኅበር ከውጭ ሆነው ማገዝ ለሚፈልጉ ወገኖች ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ።

ማኅበረሰብ የሚያካሂደው የደን ክትትል ከድሮው የደን ጥበቃ በምን ይለያል?

የድሮው ጥበቃ ጠመንጃ የያዘ አንድ ዘበኛ ነበር። ዛፍ የቆረጠ ሰው ካገኘ ይይዛል፣ ካላገኘ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ደኑ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚናገር አንድም ወረቀት የለም።

አሁን የምንለው ክትትል ሌላ ነው። ደኑ አጠገብ የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸው የት፣ መቼ፣ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ በቋሚነት ይመዘግባሉ። መዝገቡን ይዘውም ስብሰባ ተቀምጠው ይወስናሉ። መሠረቱ እኛ አገር አዲስ አይደለም። አሳታፊ የደን አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጭልሞ፣ በቦንጋ፣ በዶዶላና በቦረና ተሞክሯል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የደን ባለቤትነት ዓይነት በሕግ አውቆታል። ማኅበሩ፣ መተዳደሪያ ደንቡ፣ የቅኝት ቡድኑ ብዙ ቦታ ላይ አስቀድሞም አለ። ስልኩ የመጣው በዚያ ላይ ነው።

ሳተላይት እያለ ሰው ለምን ጫካ ለጫካ ይንከራተታል?

ሳተላይት ብዙ ያያል፤ ግን የሚያየው ከላይ ነው። ላንድሳት የተባለው ሳተላይት የሚያነሳው ምስል አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ቢወድቅ ላይታወቅ ይችላል። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት የተሻለ ነው፤ እስከ 10 ሜትር ድረስ ያሳያል፣ በየ5 ቀኑም ተመልሶ ይመጣል። ቢሆንም ክረምት ሲገባ ካፋና ሸካ ላይ ደመናው አይገለጥም። ደመናን አልፎ የሚያይ የራዳር ሳተላይት አለ፤ እሱም ቢሆን ዛፉ መውደቁን እንጂ ማን ለምን እንደጣለው አይናገርም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቡና ነው። ደን ውስጥ ቡና ያለው ገበሬ ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ሥር ሥሩን ይመነጥራል። ችግኙና ለጋው ዛፍ አብሮ ይሄዳል። ትልልቆቹ የጥላ ዛፎች ይቀራሉ። ከሰማይ ሲታይ ቦታው ልክ እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። ከሥር ግን እነዚያን ዛፎች ነገ የሚተካ የለም። ከ40 ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የጥላው ዛፍ አርጅቶ ሲወድቅ ደኑ ያበቃለታል። ይህን ዛሬ ማየት የሚችለው እዚያው ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው።

ሌላም አለ። አገራችን ለደን የሰጠችው ትርጉም ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ አናት ሽፋን ይላል። እንግዲህ 80 በመቶ ሽፋን የነበረው ደን እየሳሳ ሄዶ 30 በመቶ ላይ ቢደርስ፣ በቁጥሩ መዝገብ ላይ አሁንም ደን ነው። ምንም አልጠፋም ይባላል። ሕዝቡ ግን ማሩ እንደቀነሰ፣ ኮረሪማው እንደራቀ፣ ምንጩ እንደደከመ ያውቃል። ይህ እውቀት መዝገብ ላይ ካልሰፈረ እንደሌለ ይቆጠራል። እኔን ለዚህ ሥራ ያስጨነቀኝ ይኸው ነው።

በእርግጥ ሰው በማይደርስበት ገደል ውስጥ ያለ ቁርጥራጭ እርሻ ሳተላይት ቀድሞ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተሞከረበት ቦታ አለ?

አለ። በደንብ የተጻፈለት የካፋው ነው። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ወደ 760,000 ሄክታር ነው። እዚያ የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ ከኔዘርላንዱ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሲሠራ፣ 30 የአካባቢው ሰዎች ስልክ ይዘው የደን ለውጥን እንዲመዘግቡ ተደርጓል። ከ700 በላይ ምዝገባዎቻቸው ከባለሙያዎች ልኬትና ጥራት ካላቸው የሳተላይት ምስሎች ጋር ተነጻጽረዋል። ሰዎቹ ለውጡ የት፣ መቼና ለምን እንደደረሰ መግለጽ እንደሚችሉ ታይቷል። ቀጥሎም የሳተላይት ማስጠንቀቂያና የመስክ ሪፖርት አንድ ድረ ገጽ ላይ የሚገናኙበት ሥርዓት ተሠራ። ሳተላይቱ "እዚህ አንድ ነገር ተለውጧል" ይላል፤ ሰውየው ሄዶ አይቶ "እርሻ ነው" ወይም "የለም፣ ነፋስ የጣለው ነው" ብሎ ይመልሳል።

የትኛውን አፕ እንጠቀም?

ብዙ ሰው ጥያቄውን ከዚህ ይጀምራል። ለእኔ ግን አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ጥያቄ ነው። ለማንኛውም፣ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ኦዲኬ ኮሌክት የሚባለው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነጻ አፕ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል። ጥያቄዎቹን እናንተው ታዘጋጃላችሁ፤ አንዱ ቅጽ በአማርኛም በካፍኛም በአፋን ኦሮሞም ሊቀርብ ይችላል። ቆቦ ቱልቦክስ የእሱ ዘመድ ነው። ቅጹን ማዘጋጀትም ውጤቱን በካርታ ማየትም ቀለል ያለ ስለሆነ፣ ባለሙያ ለሌለው ማኅበር እሱን እመርጣለሁ።

ኮማፔዮ፣ በቀድሞ ስሙ ማፔዮ፣ የተሠራው ከአማዞን ሕዝቦች ጋር ነው። ልዩ የሚያደርገው መረጃው የሆነ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ላይ ሳይወጣ ከስልክ ወደ ስልክ መተላለፉ ነው። የኢኳዶር ዋኦራኒዎች መሬታቸውን በዚህ መሣሪያ ካርታ አንስተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መሬታቸው ለነዳጅ ፍለጋ እንዳይሸጥ መንግሥትን ከሰው ሲያሸንፉም የራሳቸው ካርታ በእጃቸው ነበር።

ፎረስት ዋቸር ደግሞ የዓለምን ደን በሳተላይት የሚከታተለው የግሎባል ፎረስት ዋች አፕ ነው። የሳተላይት ማስጠንቀቂያዎችን ስልካችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ያለ ኢንተርኔት ወደ ቦታው ትሄዳላችሁ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች የለንደኑ ዩሲኤል ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሳፔሊ አለ፤ ሁሉ ነገር በሥዕል ነው። ዛፉን ትነካለህ፣ መጥረቢያውን ትነካለህ፣ ተመዘገበ።

ኔትወርክም መብራትም የለም። ታዲያ እንዴት ይሆናል?

ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁም ቦታውን ይይዛል፤ ባትሪውም ብዙ ይቆያል። ኢንተርኔት ከሌለ ግን መጀመሪያ ሲከፈት ሳተላይቶቹን ለማግኘት ደቂቃዎች ይፈጃል። ስለዚህ ጫካው ሳትገቡ፣ ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ ክፈቱትና ጠብቁ።

ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ጂፒኤሱ ይዋዥቃል። አፑ ላይ ትክክለኛነቱን የሚነግር በሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ። 40 ካለ አትመዝግቡ። ዛፎቹ ሳሳ ወዳሉበት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ በሉና ቁጥሩ ከ10 በታች እስኪወርድ ታገሡ። ሪፖርቱ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ የገበያ ቀን ከተማ ሲወጡ ይላካል። ለባትሪ አንድ ፓወር ባንክና ትንሽ ሶላር ይበቃል።

ቅጹ ላይ ምን ይጠየቅ?

አጭር ይሁን። ከ10 ጥያቄ በላይ ከሆነ ሰው ይሰለቻል፤ የተሰላቸ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ምርጫ እየነካ ያልፋል። የተለወጠው ምንድነው? የት? መቼ? ስፋቱ ምን ያህል ነው? ምክንያቱ ምንድነው? ፎቶ። በቃ። ፎቶውን አንድ ቦታ ቆሞ ወደ አራቱም አቅጣጫ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው፤ በዓመቱ ያው ቦታ ላይ ቆሞ ማነጻጸር ይቻላል።

ምክንያቱን ስትጠይቁ "ሕገ ወጥ ቆረጣ" የሚል ምርጫ ብቻ አታስቀምጡ። ለእርሻ ነው? ለጣውላ? ለከሰል? ለቀፎ? ቡና ለማስፋት? መንገድ ወጥቶበት? መፍትሔው በእያንዳንዱ የተለያየ ነው። የከሰሉን ችግር የእርሻውን ያህል በሚቀጣ ደንብ አትፈቱትም።

አንድ ሁሌም የሚያስቸግር ነገር ልንገራችሁ፦ ቀኑ። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሰዉ በእኛ። "ጥቅምት 5 አየሁት" ያለ ሰው ስልኩ ላይ ኦክቶበር 5ን ይነካና ሪፖርቱ ዐሥር ቀን ይስታል። ከሳተላይቱ ጋር ሲነጻጸርም አይገጥምም። ኦዲኬ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አብሮት ይዟል፤ ቅጹ ሲዘጋጅ የቀኑ ጥያቄ ላይ እሱን መምረጥ ነው። ሰዓቱንም ስልኩ ራሱ እንዲይዘው አድርጉ። "ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት" የሚለውን ሰው በእጁ ይጻፍ ካላችሁ ግማሹ 2፣ ግማሹ 8 ብሎ ይጽፋል።

ጥሩ ሪፖርት ምን እንደሚመስል ለምሳሌ ያህል፦ "ከወንዙ ማዶ፣ ከቀፎዎቹ በላይ። ሁለት ዝግባ፣ በእጅ መጋዝ የተቆረጠ። ጉቶው ገና እርጥብ ነው፣ ከሳምንት አይበልጥም። ጣውላው በአህያ ወደ መንገዱ ወጥቷል፣ ዱካው ይታያል።" ይህን የጻፈ ሰው ጉቶውን ነክቶ ዕድሜውን ገምቷል። ሳተላይት እጅ የለውም።

የገበሬ መረጃ በባለሙያ ፊት ይታመናል?

ይታመናል፣ ሥርዓት ካለው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ንጽጽሮች ሥልጠና ያገኙ የአካባቢ ሰዎች የዛፍ ውፍረት ሲለኩ ከባለሙያ የሚቀራረብ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይተዋል። ልኬቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ በሜትር መለካት ነው። ተዳፋት ላይ የቆመ ዛፍ ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆሞ መለካት ነው። ይህቺን ያወቀ ሰው ይሠራዋል።

ደካማ የሚሆነው ሌላ ቦታ ነው። ሰው ወደ መንገድና ወደ መንደር የቀረበውን ደን አዘውትሮ ያያል፤ የሩቁን አልፎ አልፎ። ስለዚህ ሪፖርት ያልመጣበትን ቦታ "ደህና ነው" ብላችሁ እንዳታነቡት። ማንም አልሄደበት ይሆናል። የተሄደበትን መንገድ ስልኩ እንዲመዘግብ ማድረግ ይህን ይፈታል። ከዐሥር ሪፖርት አንዱን ሌላ ሰው ሄዶ እንዲያረጋግጥ ማድረግም ጥሩ ነው፤ ላለማመን ሳይሆን መረጃው ቢሮ ሲደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲቆም።

የቅኝት ቡድኖች አብዛኛው ጊዜ ወንዶች ብቻ መሆናቸው ይቆጨኛል። ደኑ ዳር በየቀኑ ለማገዶና ለውኃ የምትመላለሰው ሴቷ ናት። ምን እንደሳሳ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ ስልኩ ለባሏ ይሰጣል።

ሪፖርቱን ላክን። ከዚያስ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተውም እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ዝናብ ላይ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ፎቶ አንስቶ ይልካል። የሚመልስለት የለም። ሁለተኛ ይልካል፣ ዝም። ሦስተኛ አይልክም። አፑ አልተበላሸም፤ ሰሚ ነው የጠፋው።

የፔሩን ልምድ ብታዩ ግልጽ ይሆናል። እዚያ አማዞን ውስጥ በ76 የነባር ሕዝቦች መንደሮች ላይ ጥናት ተደረገ። 36ቱ በዕጣ ተመርጠው የሳተላይት ማስጠንቀቂያ፣ ሥልጠናና ለቅኝት ክፍያ እንዲያገኙ ሆነ። ኢንተርኔት ስለሌለ የማስጠንቀቂያው መረጃ በየወሩ በፍላሽ ተጭኖ በሰው እጅ መንደር ድረስ ይሄድ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ቦታውን ሄደው አይተው ለመንደሩ ጉባኤ ያቀርባሉ። ጉባኤው ራሳችን እናስቁም ወይስ ለመንግሥት እናመልክት ብሎ ይወስናል። በመጀመሪያው ዓመት የደን ጭፍጨፋው ያን ካላገኙት መንደሮች ጋር ሲነጻጸር በ52 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓመት በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ውጤት ነው።

በፍላሽ የሄደ መረጃ ነው ይህን ያመጣው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ጉባኤው ነበር፣ ሥልጣን ነበረው፣ የሚከፈለው ሰው ነበር። ስለዚህ ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ሪፖርት ሲመጣ ማን ያየዋል? በስንት ቀን ውስጥ ይመልሳል? የማኅበሩ ኮሚቴ በራሱ የሚጨርሰው የትኛውን ነው? ወደ ቀበሌና ወረዳ የሚሄደው የትኛው ነው? ወረዳው ካልመለሰ ቀጣዩ በር የት ነው? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ስልኩ ይቆይ።

ጎረቤቴን ማጋለጥ አይሆንብኝም?

ሊሆን ይችላል፤ ቀላል ነገርም አይደለም። ነገ አብረህ ለቅሶ የምትቀመጠው፣ ዕድር የምትገባው ሰው ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ የቆራጩን ስም አትጠይቁ። የሚመዘገበው ቦታውና የደረሰው ነገር ነው። ማን እንዳደረገው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ማኅበሩ ራሱ ያጣራው፤ ሽማግሌም ካለ በሽማግሌ።

ቆራጩ ጎረቤት ሳይሆን በጭነት መኪና የሚመጣ ነጋዴ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ አደጋው ለመዝጋቢው ነው። ብቻውን አይሂድ። በቅኝት ላይ ሆኖ ተፋጦ አይጋፈጥ። የመዝጋቢው ስም በሪፖርቱ ላይ ለማኅበሩ ብቻ በሚገባ ኮድ ይተካ። የንብ ቀፎ፣ የመቃብርና የጸሎት ቦታ፣ ብርቅ ዛፍ ያለበት ቦታም ለሁሉ ክፍት በሆነ ካርታ ላይ መውጣት የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃ ሊሰበስብ የመጣ ድርጅት መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቅጂው ለእናንተ ይቀራል ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

ክፍያ አለው? ካርቦኑስ?

ለቅኝት የሚወጣ ቀን የእርሻ ቀን ነው። በነጻ ሥሩ ማለት ከድሃ መውሰድ ነው። አበል ካልተቻለ ከማኅበሩ የማርና የቡና ገቢ ላይ በመተዳደሪያ ደንቡ የተቆረጠ ድርሻ ይመደብ።

የካርቦን ገቢ፣ ማለትም ደኑ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብ፣ አለ፤ ግን ቶሎ አይመጣም። ወላይታ ያለው ሁምቦ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ጉቶው ራሱ እንዲያቆጠቁጥ በመጠበቅ አገግሞ፣ ገቢው ለአካባቢው የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደርሷል። ስልክ ስለተገዛ ብር ይመጣል የሚላችሁን ግን አትመኑ።

የአውሮፓ የቡና ሕግ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በጣም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አይግባ ይላል፤ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛም ይጠየቃል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ድንበሩ በሙሉ መነሳት አለበት። የአብዛኛው ገበሬያችን ማሳ ትንሽ ስለሆነ ነጥብ ይበቃዋል። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን ተደጋግሞ ተገፍቷል። ያ ግን ለመዘናጋት ምክንያት አይሁን። የደን ቡና ከሳተላይት ሲታይ ከደን ጋር ስለሚምታታ፣ "ይህ ቦታ ከ2020 በፊትም ቡና ነበረው" የሚል የማኅበር መዝገብ ለገበሬው ትልቅ መከላከያ ነው።

ድሮን እንግዛ?

ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም። ፈቃዱ ቢገኝም ባትሪውና ጥገናው አለ። ለጀማሪ ማኅበር አልመክርም።

ስልክ የሌለው ማኅበርስ?

ካርቶን አለ። መልካ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በባሌና በወጨጫ አካባቢ እንዳደረገው፣ ካርቶን በከፍታው መጠን እየተቆረጠና እየተደራረበ የአካባቢው ተራራና ሸለቆ በትንሹ ይሠራል። ሽማግሌዎቹ፣ እናቶችና ተማሪዎች ዙሪያውን ቆመው የድሮው ደን የት ድረስ እንደነበር፣ የትኛው ምንጭ እንደደረቀ በቀለምና በክር ያመለክታሉ። ብዙ ቦታ ክርክሩ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው። እንዲያውም ስልክ ያለውም ማኅበር ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ቅጹ ላይ የሚገቡት የቦታ ስሞች ከዚያ ይገኛሉ።

በስንት ስልክ እንጀምር?

በሁለት። አንዱ ለቅኝት፣ አንዱ መጠባበቂያ። ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ኃላፊ ይሁኑ። ሦስት ወር በአንድ ጎጥ ብቻ ሞክሩት። በየወሩ መጨረሻ፣ ሰው በሚበዛበት ቀን፣ የመጡትን ሪፖርቶች አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ከእያንዳንዱ አጠገብ ምን እንደተደረገ ጻፉ። ያልተደረገበትንም "ገና" ብላችሁ ጻፉበት።